ፍላጌሉም፦ በጌታ እጅ፣ በጌታም ጀርባ

ሳቢያን ላይ ባጃጅ ሳይበዛ በፊት የጋሪ ነጂ ጅራፍ ከሩቅ ሲጮኽ የምታስታውሱ አትጠፉም። ጎበዝ ነጂ ፈረሱን ብዙም አይነካውም፤ አየሩን ነው የሚመታው። ዛሬ የማነሣው ጅራፍ ግን ሥጋ የሚነካው ነው። ሮማውያን በላቲን ቋንቋ «ፍላጌሉም» ይሉታል።

ቃሉ «ፍላግሩም» የሚለው ቃል ማሳነሻ ነው፤ «ትንሽ ጅራፍ» እንደ ማለት። ስሙ ትንሽ ይሁን እንጂ ሕመሙ ትንሽ አልነበረም። ገጣሚው ሆራስ የተማሪ ቤቱን በትር፣ የቆዳውን ጠፍርና ፍላጌሉምን ለይቶ ሲጠቅስ፣ አስፈሪ ያለው ይህን የመጨረሻውን ነው። እኛስ አርጩሜን፣ አለንጋንና ጅራፍን እንለይ የለ? ያው ቃል የወይንን ለጋ ቀንበጥ ለመጥራትም ያገለግል ነበር። የዘመናችን ሳይንስ ደግሞ ለጥቃቅን ተሕዋስያን ጅራት ሰጠው። ብዙዎቻችን በላቦራቶሪ ወረቀት የምናውቃት ጃርዲያ እንኳ እንዲህ ያሉ 8 ጅራቶች አሏት፤ በእነርሱ ነው የምትዋኘው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሮም ዘመን ትልቁ ጥያቄ «ማን ይገረፋል?» የሚል ነበር። ባሪያና ባዕድ ይገረፋል፤ ሮማዊ ዜጋ ግን በፖርኪያ ሕግ የተጠበቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ሲሴሮ የሲሲሊን ገዥ ቬሬስን ሲከስ፣ ጋቪዩስ የሚባል ሰው በመሲና አደባባይ እየተገረፈ «ሮማዊ ዜጋ ነኝ» ይል እንደ ነበር ጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 22 ላይ ለግርፋት ሲያዘጋጁት ዜግነቱን ጠቀሰ፤ ሊገርፉት የነበሩት ሰዎች ወዲያው ተዉት። ጌታችን ግን ይህን የሚል ወረቀት አልነበረውም።

አሁን አስተውሉ። ይህ የላቲን ቃል ወደ ግሪክ ገብቶ ወንጌል ውስጥ ተገኝቷል። በዮሐንስ 2፥15 ኢየሱስ በመቅደስ ከገመድ ያበጀው ጅራፍ ስሙ ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። በማቴዎስ 27፥26 እና በማርቆስ 15፥15 ጲላጦስ ኢየሱስን አስገረፈው ሲል የተጻፈው ግስም ከዚያው ነው። በአማርኛ አንዱን «ጅራፍ»፣ ሌላውን «መግረፍ» ስለምንል ዝምድናው አይታየንም። አንዴ ቃሉ በእጁ ነበረ፣ አንዴ በጀርባው ላይ። በእጁ በነበረ ጊዜ በጎችና በሬዎች ተነዱ፤ ማንም ሰው ቆሰለ ተብሎ አልተጻፈም። በጀርባው ላይ ያረፈውን ኢሳይያስ 53 ይናገረዋል።

ሉቃስ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። በምዕራፍ 23፥16 ጲላጦስ «መግረፍ» የሚለውን ቃል አልተጠቀመም። ቀጥቼ እለቀዋለሁ ነው ያለው፤ የግሪኩ ቃል ልጅን ለማሳደግና ለማስተማርም የሚያገለግል ነው። እስቲ አስቡት! በደል እንዳላገኘበት በአፉ እየመሰከረ፣ ግርፋቱን የማረሚያ ስም አለበሰው። በኋላም እጁን ታጠበ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይሉ የለ አባቶች?

ጲላጦስ ሩቅ አይደለም። በአገራችንም በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ላይ ቆየት ብሎ ግርፋት እንደ ቅጣት ተጨምሮ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። ታዲያ ቤታችንስ? ከምሳሌ መጽሐፍ ስለ በትር የተጻፈውን ጠቅሰን ቀበቶ የምንፈታ አማኞች ስንት ነን? ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ራሴ አገልጋይ ሆኜ አድርጌዋለሁ። የአባቴ አለንጋ ከበር ኋላ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር፤ እንደሱ አልሆንም ብዬ ምዬ ነበር። አንድ ምሽት ከአገልግሎት ደክሞኝ ገባሁና ልጄን በማይረባ ነገር በቀበቶ መታሁት። ከዚያም «ለራስህ ጥቅም ነው» አልኩት።

ይህን የሉቃስ ክፍል ለሬዲዮ ሳዘጋጅ ያ ቃሌ ከጲላጦስ አፍ ወጥቶ ሰማሁት። ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ልጄ ክፍል ሄድኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ቀበቶዬን ነበር የሚያየው።