ውጅግራና የስሜን ገደል

በአያቴ ሣጥን ውስጥ አንድ የናስ ቀለህ ነበረ። ርዝመቱ ከመሀል ጣቴ ያነሰ ነው፤ አፉ ትንሿን ጣቴን ለማስገባት ጥቂት ይቀረዋል። ልጅ ሳለን በየተራ እያፏጨን እንጫወትበት ነበር። ከንፈሩ ላይ ያሉት ጭረቶች የኛ ጥርስ ምልክቶች ይመስሉኝ ነበር። አያቴ ግን አንድ ቀን ከእጄ ተቀብሎ እያገላበጠ፣ «ይቺ አራት ጊዜ ተሞልታ አራት ጊዜ ተተኩሳለች» አለኝ። ጭረቶቹ የአባቱ ጉጠት ያስቀራቸው ነበሩ።

ቀለሁ የውጅግራ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ ነው፤ «ፉዚል» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» ደግሞ የነዳፊው የባዚል ግራ ስም ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው ያወጡት አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ የሌለውን ባሩድ የሚተኩሰውን ለበንን ሲያገኙ፣ አሮጌው ውጅግራ እንደ ሰልባጅ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደኛ ጎረፈ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከነበሩት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ ብዙ ነበር። ጥይቱም ለጦርና ለአደን ብቻ የሚውል አልነበረም፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ሲበዛ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ በገበያ ይዘዋወር ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ምላጭ መሳብ ማለት ከኪስ ሳንቲም አውጥቶ ገደል እንደመወርወር ያለ ነገር ነበር። ቀለሁ ታዲያ እንዴት ይጣላል?

ቅድመ አያቴ ጃን አሞራ የሚኖር ገበሬና አዳኝ ነበር። አያቴ እንደነገረኝ፣ ከሰል፣ ድኝና ጨው መሰሉን የባሩድ አፈር አስማምቶ ራሱ ይወቅጣል። የቀለሁን ቂጥ የሚለኩሰውን ከክብሪት ራስ ያዘጋጃል። እርሳስ አቅልጦ በሸክላ ቅርጽ ያፈስና አረሩን ያወጣል። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አዳኞች በየጓዳቸው ጥይታቸውን በእጃቸው ሲሞሉ፣ የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ እነሱ ባሩዱን በሚሊግራም መመዘናቸው ነው።

የቅድመ አያቴን ሥራ የለወጠው አንድ ዋልያ ነው። ከሸለቆው ማዶ በገደሉ ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ ርቀቱ አያቴ «ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ» ብሎ ካሳየኝ ሦስት መቶ ሜትር ግድም ይሆናል። አረሩ ደረቱን ስቶ ሆዱን መታው። ዋልያው አልወደቀም፤ እየጎተተ ወደ ገደሉ ገባ። አባትና ልጅ ደሙን ተከትለው ሦስት ቀን ዋሉ። አያቴ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ዘጠናኛ ዓመቱን ይዞ ሲያወራልኝም ሁለተኛውን ሌሊት ሲደርስ ዝም ይል ነበር።

ነገሩን በሒሳብ ብናየው የሚገርም አይደለም። የፋብሪካው የውጅግራ አረር 25 ግራም የሚመዝን ደንዳና እርሳስ ነው፤ ከአፈሙዝ የሚወጣውም በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ነው። ሦስት መቶ ሜትር እስኪደርስ መሬት ወደ ራሷ ሦስት ሜትር ያህል ትስበዋለች። ስለዚህ ርቀቱን በሃምሳ ሜትር የተሳሳተ አዳኝ ልብ ብሎ የተኮሰውን ሆድ ይመታል፤ ወይም ጭራሽ ይስታል። በእጅ የተሞላ ሲሆን ደግሞ አንዱ አረር አየር ቋጥሮ ይቀላል፤ አንዱ ይከብዳል። ቅድመ አያቴ ይህን ፊዚክስ የሚያስተምረው አላገኘም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከብር አንጥረኛ ሚዛን ተውሶ አረሮቹን አንድ በአንድ መመዘን ጀመረ። የማይመሳሰለውን መልሶ ያቀልጠዋል። ከሁለት መቶ እርምጃ በላይም አልተኩስም አለ።

ሌላው ዓለም በዚያን ጊዜ ለዚሁ ችግር ሌላ መልስ አግኝቶ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1898 ለለበን አፍንጫው የሾለ፣ ኋላው እንደ ጀልባ የጠበበ አረር አወጡ። የአፍንጫው ሹለት ነፋሱን ይሰነጥቃል፤ የኋላው መጥበብ ደግሞ አረሩን ወደ ኋላ የሚጎትተውን የአየር ክፍተት ያሳንሳል። አሜሪካኖች የፊቱን ወስደው የኋላውን ተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጡት አረር አፍንጫው ሹል፣ ቂጡ ጠፍጣፋ ነበር። እስከ 4,300 ሜትር ይሄዳል ብለው መጽሐፍ ላይ ጻፉለት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ላይ ሲሞክሩት ግን 3,100 ሜትር አካባቢ ቀረ። በወረቀት የተጻፈ ቁጥር በአሸዋ ላይ እንዲህ ይዋረዳል። ረዥም አረር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝ መስመር በፍጥነት ካላሽከረከረው በአየር ላይ ይንገዳገዳል። የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ግሪንሂል ይህን እ.ኤ.አ. በ1879 አስልቶ አስቀምጦታል። ስለዚህ «የቱ አረር ይሻላል?» የሚል ሰው መጀመሪያ «ለየትኛው አፈሙዝ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጥይቱን በእጁ የሚሞላ አዳኝ ልፋቱ ለዚህ ነው፤ የራሱ ጠመንጃ የሚወደውን ክብደትና የባሩድ ልክ እየተኮሰ ይፈልጋል።

ለአዳኝ ግን መምታት ግማሽ ሥራ ነው። ኢላማ ወረቀት ሲሆን ቀዳዳው ይበቃል፤ እንስሳ ሲሆን አረሩ ገላ ውስጥ ገብቶ መከፈትና ቶሎ መግደል አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ጌታ ማገልገል ይመጣል። ቅርፊቱ የሳሳ አረር በቅርብ ሲመታ አጥንት ላይ ይበታተናል፤ ቅርፊቱ የወፈረው በሩቅ ፍጥነቱ ሲሞት ሳይከፈት እንደ ወስፌ አልፎ ይሄዳል። አሜሪካዊው ጆን ኖዝለር እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ ጭቃ የደረቀበት ትልቅ የአጋዘን ዘር ቢተኩስ፣ አረሩ ቆዳው ላይ ተበታትኖ እንስሳው አልወድቅ አለው። ተናዶ አገሩ ተመለሰና መሀሉ በመዳብ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ አረር ሠራ። የፊተኛው እርሳስ ይከፈታል፣ የኋለኛው ተጠብቆ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ያቀረበው ይህ አረር ዛሬም ይሸጣል። የኖዝለርና የቅድመ አያቴ ንዴት አንድ ዓይነት ይመስለኛል። አንዱ ፋብሪካ ከፈተ፣ አንዱ የአንጥረኛ ሚዛን ተዋሰ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። አረሩ በተሻሻለ ቁጥር ቆስሎ የሚሠቃይ እንስሳ ይቀንሳል መባሉ እውነት ነው። ስሜን ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከጣልያን ወረራ ጀምሮ ሩቅ የሚመታ ጠመንጃና የፋብሪካ ጥይት በተራራው ሲበዛ፣ ውጅግራ የማይደርስበት ገደል መሸሸጊያ መሆኑ ቀረ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ዋልያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁጥሩ ከሁለት መቶ በታች ወረደ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው፣ በ1978ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። ዋልያን ያቆየው የሸክላ ቅርጽና የቀጠነ ባሩድ ነበር ብል ቅድመ አያቴን ማማት ይሆንብኛል። ግን የእሱ ጠመንጃ ደካማነት ለተራራው የማይታይ አጥር እንደነበረ አልጠራጠርም።

ሣጥኑ ውስጥ ከቀለሁ አጠገብ የዋልያ ቀንድ ዋንጫ ነበረ። በዚያ አገር ለሠርግ ጠላ የሚጠጣበት ነው። ቤታችን ውስጥ ግን በሠርግም ሆነ በክርስትና ሲወጣ አይቼ አላውቅም። አያቴ ከማረፉ በፊት ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«የዚያ ነው» አለኝ። «በሦስተኛው ቀን አሞራው መርቶን አገኘነው። አባቴ ቀንዱን ጠርቦ አሳምሮ ሠራው፤ አንድም ቀን ግን አልጠጣበትም።»