የበዓል ዳቦና የቤት ውስጥ ሙያ

«ባለሙያ» የሚለው ቃል ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው ለሐኪሙ፣ ለመሐንዲሱ፣ ለሒሳብ ሠራተኛውና እነዚህን ለመሰሉት ሁሉ ነው። በቤት ውስጥ ግን ቃሉ ሥር የሰደደ ሌላ ትርጉም አለው። «ባለሙያ ናት» የምትባለው ሴት ወጧ የሚጣፍጥ፣ እንጀራዋ ዓይናማ፣ ዳቦዋ ከላይም ከታችም እኩል የበሰለ እንደ ሆነ ጎረቤት የመሰከረላት ናት። ይህ የቃል ዝምድና እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የገናና የጥምቀት ማዕድ እንዴት እንደሚዘጋጅ በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ ልኬት፣ የጊዜ ቀመር፣ የጥሬ ዕቃ ምርጫና የእሳት ቁጥጥር ያለበት ሙያ መሆኑን ይረዳል። ይህም ሙያ እንደ ማናቸውም ሙያ ሁሉ ታሪክ አለው።

እንደሚታወቀው ገና በመደበኛው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ከዚያ በፊት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ይርቃሉ። ይሁን እንጂ ጾሙ ለማጀቱ የዕረፍት ጊዜ ሆኖ አያውቅም። ጾም ነው ብላ ላሟ መታለቧን አትተውም፤ ዶሮዋም እንቁላል መጣሏን አታቋርጥም። ስለዚህ ወተቱ እየተናጠ ቅቤው ይጠራቀማል፤ ከእንቁላሉም ለበዓሉ የሚሆነው ይቀመጣል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ደርቆ ይወቀጣል፤ ጌሾው ተዘጋጅቶ ጠላው ይጠነሰሳል። ወራቱም ስንዴውና ጤፉ ታጭዶ ወደ አውድማ የሚገባበት በመሆኑ፣ በገጠር ቤት የበዓሉ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ እኽል ይገኛል። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ 12 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በመካከሉም ጥር 10 ቀን የገሃድ ጾም አለ። ስለዚህ የቤቷ እመቤት የሁለቱን በዓላት ወጪ በአንድ ሒሳብ ማስላት ይኖርባታል።

ድፎ ዳቦው የዚህ ዝግጅት ዋነኛው ፈተና ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በደጋው ውርጭ ስለሚወርድ ቡሖው ቶሎ አይነሣም። ባለሙያዋ ዱቄቱን ለብ ባለ ውኃ ታቦካለች፤ እርሾውን መጠን ትጨምርለታለች፤ ቡሃቃውንም ሸፍና ከምድጃው አጠገብ ታሳድረዋለች። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ድንብላል ለመዓዛው ይገቡበታል። ቡሖው ሲደርስ በኮባ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ ከላይም በቅጠል ይሸፈንና ምጣድ ላይ ይጣዳል። ቅጠሉ ሊጡ ከምጣዱ ጋር እንዳይያያዝ ይከላከላል፤ እርጥበቱንም ይጠብቅለታል። ከምጣዱ ሥር ለስለስ ያለ እሳት፣ ከክዳኑ በላይ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነድ የኩበት ፍም ይደረጋል። በሁለት ችግር መካከል የተያዘ ሰው ከላይ እሳት ከታች እሳት እንዳለበት ዳቦ ነው መባሉ ከዚህ አሠራር የመጣ ነው። ሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት የሁለቱን እሳቶች ኃይል ማመጣጠን የእጅና የአፍንጫ ዕውቀት ነበር፤ ነውም።

የዳቦው ጠባይ ከስንዴው ጠባይ ተለይቶ አይታይም። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የስንዴ ዘር በሰበሰበ ጊዜ፣ የአገሪቱ የስንዴ ዓይነቶች ብዛት እጅግ አስደንቆታል። ከነዚህ ነባር ስንዴዎች የሚበዙት ዛሬ «ዱረም» ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ፍሬያቸው ወይን ጠጅ የሆኑም አሉ። የዚህ ወገን ሊጥ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ተራው የዳቦ ስንዴ አይለጠጥም፤ ዳቦውም ያን ያህል ሳይነፋ ጥቅጥቅ ያለና የሚያጠግብ ይሆናል። በኮባ ተሸፍኖ በቀስታ መጋገሩም ለእንዲህ ያለው ሊጥ የተስማማ ዘዴ ነው።

ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረ የሚገምተው ቀዩ ዶሮ ወጥ እንኳ በታሪክ ዓይን ሲታይ መጤ ነገር አለበት። የበርበሬ ተክል መገኛው አሜሪካ ስለ ሆነ፣ ወደዚህ አገር ሊደርስ የሚችለው ከ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ወጥ ኮረሪማውንና ጥምዙን የመሳሰሉ ቅመሞች ቢኖሩትም፣ ዛሬ የምናውቀው መልክ ሊኖረው አይችልም። ይህም ሆኖ አዲሱ ቅመም በቤቱ ሥርዓት ተገርቶ፣ ዶሮዋ 12 ብልት ወጥታ፣ ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ በዝግታ ቁሌት ሆኖ፣ በመጨረሻም ንጥር ቅቤው ሲገባበት የበዓሉ ዋና ምልክት ለመሆን በቅቷል። እንግዲህ ሥርዓት የሚጸናው አዲስ ነገርን ሁሉ በመከልከል ሳይሆን መጤውን በራሱ ልክ በመግራት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማዕዱ ምን ያህል በማይታይ መሠረት ላይ እንደ ቆመ የተገለጠው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን ነው። የከብት በሽታው የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ በማለቁ እርሻው ታጎለ፤ ላም በማለቋ ቅቤው ጠፋ፤ ድርቅና ተባይም ተጨመረበት። በዓሉ በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ሲመጣ ምጣዱ ላይ የሚጣድ ያጣው ቤት ስፍር ቁጥር አልነበረውም። የበዓል ዳቦ ታሪክ የድግስ ታሪክ ብቻ ተደርጎ መጻፍ የሌለበት ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ በድካም ረገድ ከሁሉ የበለጠ ነው። ለብዙ ዘመናት የበዓሉ ዱቄት የሚገኘው ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው በመጅ ሲፈጩ ነበር። ድግስ በቀረበ ቁጥር ይህ ሥራ ሌሊቱን ሳይቀር ይወስድ ነበር። በ20ኛው ምዕት ዓመት የሞተር ወፍጮ ከከተማ ወደ ገጠር እየተስፋፋ በሄደ መጠን ሸክሙ ከሴቶች ጀርባ ላይ እየወረደ መጣ። ነገር ግን ወፍጮ ቤቱ የሩቅ መንገድ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሸክሙ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የጣልያን ቋንቋም በማጀቱ ውስጥ አሻራውን ትቷል፤ የዳቦ መጋገሪያው «ፉርኖ»፣ ነጩም የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ ዱቄት» ተብሏል። ማገዶውም እንደዚሁ ተለውጧል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን ምድጃ አገልግሏል፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማገዶ የሚቆጥበው «ምርት» ምድጃ ተሠራ፤ በከተማም የኤሌክትሪክ ምጣድ ተለመደ።

ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻለ የዳቦ ስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ሲያዳርስ ምርቱ ከፍ አለ። ሊጡም ይበልጥ የሚነፋና ለፉርኖ የሚስማማ ሆነ። ጥቅሙ የማይካድ ነው። ዋጋው ግን ነባሩ ስንዴ ከብዙ ማሳ መገፋቱ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ነባሩን ዘር ከያለበት ሰብስቦ ማከማቸቱ ለዚህ ዓይነቱ መጥፋት የተሰጠ መልስ ነው።

ዘሩ እንግዲህ ጠባቂ አግኝቷል። በዚያ ዘር እንዴት እንደሚቦካና እንደሚጋገር የሚያውቀው እጅ ግን ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው በመጽሐፍ ሳይሆን አብሮ ምድጃ ዳር በመቀመጥ ነው። ልጅቱ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት መዋሏ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ያ የመማሪያ ሰዓት በምትኩ ምንም ሳይተካ አልፏል። ዳቦው ከሱቅ በሚገዛበት ቤት ባለሙያዋ ስታልፍ ልኬቱም አብሯት ያልፋል።

ስለዚህ የምግብና የእርሻ ባለሙያ በዚህ ረገድ ሊሠራው የሚገባ ግልጽ ተግባር አለ። የስንዴው ዓይነት፣ የእርሾው መጠንና ዕድሜ፣ ቡሖው ያደረበት ሰዓት፣ የኮባው ቅጠል፣ የላይና የታች እሳቱ ርዝማኔ፣ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ያለው ክብደት፣ ይህ ሁሉ በየአካባቢው ከባለሙያዋ አንደበትና እጅ እየተለካ መመዝገብ ይኖርበታል። የመዝጋቢው ሚዛንና ሰዓት ለዘመናት በእጅ ሲለካ የኖረውን በቁጥር ያስቀምጡታል። በመዝገቡም ራስጌ የባለሙያዋ ሙያ እንደ ማንኛውም ሙያ በክብር ሊሰፍር ይገባል።