ከእንስራ እስከ ቧንቧ፦ በወለቃ አካባቢ የቤት ውስጥ ቃላት ታሪክ

አንድ የቤት ዕቃ ከአገልግሎት ሲወጣ ስሙ ወዲያው አይጠፋም፤ ቀስ በቀስ ግን ከልጆች አፍ ይርቃል። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በአመዛኙ ርስት የተነፈጉ ስለነበሩ በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር።

ቧንቧ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የውኃ ሥራ የራሱ ዕቃና የራሱ ቃል ነበረው። ከምንጭ በጀርባ ለማምጣት እንስራ፣ በቤት ለማጠራቀም ማድጋ፣ ለጠላ መጥመቂያ ጋን፣ ለመጨለፊያ ቅል፣ እጅ ለማስታጠብ ኩስኩስት ያገለግሉ ነበር። ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያ ምርምራቸው መነሻ ሆኗል። መጸዳጃ ቤት ባልነበረበት ዘመንም «ወገቤን ልሞክር» የሚለው አነጋገር ጨዋነትን ጠብቆ ጉዳዩን ይገልጥ ነበር።

እነዚህን ቃላት የገፋቸው ቧንቧ ብቻ አይደለም። እንስራን አስቀድሞ የተካው ቀላሉና የማይሰበረው የፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ቦኖና የግቢ ቧንቧ ኋላ ተከተሉ። በሌላ በኩል ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ የጥበቡ ባለቤቶች ከመንደሯ ወጡ። ሸክላ ሥራው በጎረቤቶቻቸው እጅ ቢቀጥልም ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎች ጎልተው ይታዩ ጀመር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ማሞካሸት ለትምህርት አይበጅም። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ የእንስራው ክብደት ሲጨመርበት ሸክሙ የወደቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ነበር፤ የትምህርት ሰዓታቸውንም ይሻማ ነበር። ማድጋዋን የሠራችው ሴትም «ቡዳ» እየተባለች ትገለል ነበር። ዕቃው ተወድዶ ሠሪዋ የተናቀችበት ይህ ታሪክ ከቃሉ ሊነጠል አይገባም።

ስለሆነም መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ አገልግሎቱን፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደተሸከመው እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችም ይህን ቢጠቀሙበት፣ አንዱ ትምህርት ለቋንቋም ለታሪክም ለኅብረተሰብ ሳይንስም ይበቃል። ቃሉን የሚያውቁት አረጋውያን በየዓመቱ እየቀነሱ ስለሚሄዱ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።