ጉልበት ጠያቂ እና ጉልበት አልባ ዝውውር

ማንኛውም ሕያው ህዋስ ከአካባቢው የሚለየው የህዋስ ክርታስ በሚባል ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ይህም ውሃ የሚሸሹ ጅራቶቻቸውን ወደ መካከል አድርገው በሁለት ረድፍ በተደረደሩ የስብ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ኦክስጅንን የመሰሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች በዚህ ስብ ውስጥ ያለ ችግር ሲያልፉ፣ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖችና በውሃ የሚሟሙት እንደ ግሉኮስ ያሉ ሞለኪውሎች ግን በክርታሱ ውስጥ የተሰኩ ፕሮቲኖች ካላሳለፏቸው በቀር ማለፍ ይሳናቸዋል።

አንድ ንጥረ ነገር ክምችቱ ከበዛበት ወገን ወደ አነሰበት ወገን ሲሄድ ቁልቁለት እንደሚወርድ መንገደኛ ነውና ህዋሱ ለጉዞው የሚያወጣው ጉልበት የለም፤ ይህ ጉልበት አልባ ዝውውር ይባላል። በስቡ ውስጥ በቀጥታ የሚደረገው ዲፊውዥን፣ በፕሮቲን አጋዥነት የሚደረገው ዲፊውዥን፣ እንዲሁም ኦስሞሲስ የሚባለው የውሃ ዝውውር ሁሉ በዚህ ስር ይመደባሉ። በተቃራኒው ንጥረ ነገሩ ካነሰበት ወደ በዛበት ዳገት እንዲወጣ ከተፈለገ ህዋሱ ጉልበት መክፈል ስላለበት ጉልበት ጠያቂ ዝውውር ይሆናል። ‹ገቢር› እና ‹ተገብሮ› የሚሉትን የሰዋስው ቃላት ወደዚህ ማምጣት ባይከለከልም፣ ልዩነቱ ፕሮቲን በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ የተመሠረተ ያስመስላሉ፤ እንዲያውም አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ1992 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው፣ በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ያደረገው የውሃ ማሳለፊያ ፕሮቲን ምንም ጉልበት አይጠይቅም።

የጉልበት ጠያቂው ዝውውር ዋና ምሳሌ ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በ1957 እ.ኤ.አ. የሸርጣን እግር ነርቭን መርምሮ የደረሰበት የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው። ይህ ፕሮቲን የህዋስ የጉልበት ምንዛሪ የሆነውን ኤቲፒ አንድ ሞለኪውል ባፈረሰ ቁጥር 3 የሶዲየም አዮኖችን ወደ ውጭ አስወጥቶ 2 የፖታሲየም አዮኖችን ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚህም ምክንያት ሶዲየም በህዋሱ ውስጥ ከውጭው በአሥር እጥፍ ገደማ ያነሰ ሆኖ ይኖራል፤ ይህ ልዩነት ደግሞ ራሱ የተከማቸ ጉልበት ነው።

በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ አጓጓዥ ፕሮቲን የሚሠራው ይህንኑ የተከማቸ ጉልበት ተጠቅሞ ነው። ሁለት የሶዲየም አዮኖች ወደ ህዋሱ ሲወርዱ አንድ ግሉኮስ አብሯቸው ይገባል፤ ግሉኮሱ ዳገት ቢወጣም ፕሮቲኑ ራሱ ኤቲፒ አያፈርስም፣ ሂሳቡን አስቀድሞ የከፈለው ከህዋሱ ሌላኛው ጎን ያለው ፓምፕ ነውና። ይህ ዓይነቱ ሁለተኛ ደረጃ ጉልበት ጠያቂ ዝውውር ሊባል ይገባዋል። ፕሮቲኑ ሁለቱን ካላገኘ ስለማይሠራ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ በሚሰጠውና በኢትዮጵያ ‹ለምለም› እየተባለ በሚታወቀው የኦአርኤስ ዱቄት ውስጥ ጨውና ስኳር አንድ ላይ የተደረጉት ለጣዕም ተብሎ አይደለም። የኮሌራ መርዝ አንጀቱ ውሃና ጨው እንዲያፈስ ሲያስገድድ ይህን አጓጓዥ ስለማይነካው፣ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው ሲገቡ ውሃው በኦስሞሲስ ተከትሏቸው ይገባል።

ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የኦአርኤስ ቀመር በአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም የገበታ ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ በተጨማሪም ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት የያዘ ሲሆን፣ ሶዲየሙና ግሉኮሱ በሞለኪውል ቁጥር እኩል እንዲሆኑ ታስቦ የተመጠነ ነው። ዱቄቱ ከተወሰነለት ባነሰ ውሃ ከተበጠበጠ፣ ወይም ‹ይበልጥ ያበረታል› ተብሎ ስኳር ከተጨመረበት፣ አጓጓዡ ሊያነሳው ያልቻለው ትርፍ ስኳር በአንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃን በኦስሞሲስ ከህዋሳቱ ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡ ይብሳል።