የኤሌክትሮኒክስ ደብዳቤ ማደሪያ፤ ከአንድ ፋይል ወደ ሦስት ማኅደር

የኤሌክትሮኒክስ ደብዳቤ ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው መልእክቱ ከላኪ ወደ ተቀባይ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ከደረሰ በኋላ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ደብዳቤ ቤት ከገባም በኋላ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቶም ቫን ቭሌክና ኖኤል ሞሪስ «ሜይል» የተባለውን ትእዛዝ ሲጽፉ፣ ለአንድ ተጠቃሚ የመጣው ሁሉ «ሜይል ቦክስ» በተባለ አንድ ፋይል ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ዩኒክስም በዚሁ ልማድ ሄደ። አዲሱ ደብዳቤ ከአሮጌው ግርጌ ይቀጠላል፤ የደብዳቤዎቹም ድንበር «ፍሮም» በሚል ቃል የሚጀምር መስመር ነው። ከዚህም የተነሣ ጸሐፊው በሐተታው መካከል መስመሩን በዚሁ ቃል ቢጀምር፣ ሌላ ደብዳቤ እንዳይመስል ፕሮግራሙ ከቃሉ ፊት የ«ይበልጣል» ምልክት ይለጥፍበታል። የሰውን ጽሑፍ መነካካት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥንቱም ያልተገባ መላ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር። አንዱ ፕሮግራም አዲስ ደብዳቤ በሚጨምርበት ቅጽበት ሌላው አሮጌውን ቢሰርዝ ፋይሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፋይሉን መቆለፍ ግድ ሆነ። የሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤን ኤፍ ኤስን ካወጣና ብዙ ኮምፒዩተሮች አንድ ፋይል መጋራት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ቁልፉ ራሱ የማይታመን ሆነ። በመጻፍ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ግማሽ ደብዳቤ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በራንድ ኮርፖሬሽን የተሠራው ኤም ኤች እያንዳንዱን ደብዳቤ በየራሱ ፋይል በማኖር አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር። ቁርጥ ያለውን መፍትሔ ያመጣው ግን የሒሳብ ሊቁ ዳንኤል በርንስታይን ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ በጀመረው በኪውሜይል ውስጥ ያስገባው «ሜይልዲር» ነው። «ሜይልዲርሜክ» የምትባለው ትእዛዝ ከማኅደሩ ስም ጋር በትእዛዝ መስመር ላይ ስትጻፍ አንድ ማኅደርና በውስጡ «ቴምፕ»፣ «ኒው» እና «ከር» የተባሉ ሦስት ንኡሳን ማኅደሮችን ታበጃለች። ደብዳቤው በመጀመሪያ በ«ቴምፕ» ይጻፋል፤ ስሙም ከሰዓቱ፣ ከፕሮግራሙ መለያ ቁጥርና ከኮምፒዩተሩ ስም ስለሚገጣጠም ሞክሼ አይገጥመውም። ተጽፎ ካለቀና ዲስኩ ላይ መስፈሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ በ«ኒው» ይታያል። የሚዛወረው ስሙ እንጂ ይዘቱ እንደገና የሚገለበጥ ስላልሆነ ለአንባቢው ግማሽ ደብዳቤ አይደርሰውም። የማንበቢያው ፕሮግራም ሲያገኘው ወደ «ከር» ያሻግረዋል፤ በስሙም ጫፍ ላይ የተነበበውን «ኤስ»፣ መልስ የተሰጠበትን «አር» በሚል ፊደል ያመለክታል። በዚህ ሁሉ አንድም ቁልፍ አላስፈለገም።

ትእዛዚቱ አጭር ብትሆንም ባለቤትነት ካልተጠበቀ ታስቸግራለች። የሥርዓቱ አስተዳዳሪ በራሱ ሥልጣን ገብቶ ለሌላ ሰው ማኅደር ቢያበጅ፣ ማኅደሩ የአስተዳዳሪው ሆኖ ስለሚቀር ባለደብዳቤው ሊገባበት አይችልም። ኪውሜይልም ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል፤ መመሪያው ካልተለወጠ በቀር ሳምንት ሲሞላው ወደ ላኪው ይመልሰዋል። ስለሆነም ትእዛዚቱን በባለቤቱ ስም ማስኬድ፣ ወይም አዲስ ተጠቃሚ ሲመዘገብ በሚገለበጠው የአብነት ማኅደር ውስጥ አስቀድሞ ማበጀት ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የሳም ቫርሻቭቺክ ኩሪየር ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ተጨማሪ ማኅደሮችን አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቲሞ ሲራይነን ያወጣው ዶቭኮትም ይህንኑ አቀማመጥ ተቀብሎ፣ የጎደለ ማኅደር ሲያገኝ ራሱ ያበጃል።