አፈር አልባ እርሻ፦ ሃይድሮፖኒክስ በአማርኛ

በቆቃ ሐይቅ ዳር ያለፈ ሰው እንቦጭን ያውቀዋል። ከሩቅ ሲያዩት የለመለመ ማሳ ይመስላል፤ አንዱን ብድግ አድርገው ሲያነሡት ግን ከቅጠሉ ሥር እንደ ጺም የተንዠረገገ ጥቁር ሥር ብቻ ነው የሚወጣው። አንድ እፍኝ አፈር እንኳ የለውም። በኢትዮጵያ መግባቱ መጀመሪያ የታወቀው በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዓሣ አስጋሪውንም መስኖ ተጠቃሚውንም ሲያስመርር ኖሯል። ክፉ አረም ነው። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፦ ተክል አፈርን የሚፈልገው ለአፈርነቱ አይደለም። የሚፈልገው ውሃ፣ አየር፣ መደገፊያና በውሃ የሟሙ ጥቂት ማዕድናት ነው። እነዚህን በሌላ መንገድ ካገኘ ያለ አፈርም ያድጋል።

ይህንኑ ሆን ብሎ፣ ለክቶና መጥኖ ለገበያ ምርት የሚያውለው አሠራር ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። ሰላጣው፣ ቲማቲሙ ወይም በሶብላው አፈር ውስጥ አይተከልም፤ የሚያስፈልገው ንጥረ ምግብ ሁሉ በውሃ ተበጥብጦ በቀጥታ ለሥሩ ይቀርብለታል።

ከበቆልት ጋር ግን መምታታት የለበትም። ባቄላ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ በጨርቅ ሸፍና የምታስቀምጥ እመቤት በሦስትና በአራት ቀን የበቀለ ታገኛለች፤ ያ ቡቃያ የሚበላው ግን ከዘሩ ውስጥ ያለውን የራሱን ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይጠወልጋል። ሃይድሮፖኒክስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ሰው ይመግበዋል።

ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። የመጀመሪያው «ሃይድሮ»፣ ውሃ፣ ለአዋሽ ሸለቆ ሰው ባዕድ አይደለም፤ የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረ አንሥቶ ሃይድሮ ኤሌክትሪክ ሲባል ሰምቷል። ሁለተኛው «ፖኖስ» ሥራ፣ ልፋት ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ «የውሃ ልፋት» ይሆናሉ። ቃሉን በሳይንስ ጽሑፍ ላይ ያወጣው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ዊልያም ገሪኬ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1937 ሲሆን ስሙን የጠቆመው የዕፅዋት ሊቁ ባልደረባው ዊልያም ሴቸል ነበር። ገሪኬ ቀደም ሲል አሠራሩን «አኳካልቸር»፣ የውሃ እርሻ፣ ይለው ነበር። ይሁን እንጂ ያ ስም በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታትን ለማርባት ሥራ አስቀድሞ ተይዞ ስለነበር ተወው።

አማርኛም እዚያው ወጥመድ ደጃፍ ላይ ቆሟል። «የውሃ እርሻ» ብንል አንዱ ዓሣ ማርባት ሊመስለው ይችላል፤ በተለይ በመቂና በባቱ ያለ ሰው ደግሞ መስኖን ያስባል። «ያለ አፈር ማምረት» ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ስም ከመሆን ይልቅ ገለጻ ነው። በተሻለ ሁኔታ የሚቀመጠው «አፈር አልባ እርሻ» የሚለው ነው። «አልባ» በአማርኛ የቆየና አዲስ ነገር ሲመጣ ቶሎ የሚያገለግል ቃል ነው፤ ወደብ አልባ አገር፣ ገመድ አልባ ስልክ፣ ሰው አልባ አውሮፕላን ሁሉም በእርሱ ተሰይመዋል።

የመጨረሻውን ምሳሌ ልብ ማለት ይገባል። ሰው አልባ አውሮፕላን በእርግጥ ያለ ሰው አይበርም፤ አብራሪው ከውስጡ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አፈር አልባ እርሻም እንዲሁ ነው። አፈሩ ሲሠራ የነበረው ሥራ አልቀረም፤ ወደ ገበሬው እጅ ተዛወረ እንጂ። አፈር ውሃ ያቁራል፣ ማዳበሪያን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ የኮመጠጠውንና ጨው የበዛበትን ያለዝባል፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችም ንጥረ ምግቡን ተክሉ ሊወስደው ወደሚችለው ዓይነት ይለውጣሉ። አፈሩ ሲነሣ ይህን ሁሉ ሰው በየቀኑ ሊሠራው ግድ ነው። ግሪኮቹ «ፖኖስ» ያሉት ልፋት በአማርኛው ስም ውስጥ ባይነበብም በሥራው ውስጥ ግን አለ።

ታሪኩ ረዥም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ውድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1699 ናናን በልዩ ልዩ ውሃ አሳድጎ፣ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ከዝናብ ውሃ የተሻለ እንደሚያሳድግ ጽፏል። ጀርመኖቹ ዛክስና ክኖፕ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የትኞቹ ማዕድናት እንደሚያስፈልጉ ለዩ። ገሪኬ 7 ሜትር ተኩል የሚደርስ የቲማቲም ሐረግ አሳድጎ ጋዜጠኛውን ሁሉ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ጠፈርተኞች እዚያው ያበቀሉትን ቀይ ሰላጣ በሉ።

አሁን ወደ ሰላጣው እንቅረብ። ከአሠራሮቹ ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው የተንሳፋፊ ሰሌዳ ዘዴ ነው። 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ በላስቲክ ይለበጣል፤ በንጥረ ምግብ ውሃ ይሞላል፤ በላዩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ የተበሳ የፎም ሰሌዳ ይንሳፈፋል። ችግኙ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በትንሽ ስፖንጅ ተደግፎ ይቀመጣል። ሰሌዳውን ከጫፉ ቀና አድርገው ቢያዩት፣ ጤነኛ ሥር እንደ ጥጥ ፈትል ነጭ ሆኖ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ቡናማ ሆኖ ከሙለጨለጨና ከሸተተ በሽታ ገብቷል ማለት ነው። ሰላጣው ዘሩ ከተዘራ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ለገበያ ይደርሳል።

ሌላው ዘዴ በመጠኑ ያዘነበለ ቧንቧ ውስጥ ውሃው እንደ ስስ ጅረት ሳያቋርጥ እንዲፈስ የሚያደርገው ነው። ውሃ ይቆጥባል፣ ሲያዩትም ያምራል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ በሞቃት ቀን ሥሩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ገንዳው ግን ውሃውን እንደያዘ ስለሚቆይ ገበሬው ጀኔሬተር እስኪያስነሣ ይታገሣል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከቧንቧው ይልቅ ገንዳው ይመረጣል።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በማዳበሪያው ነው። እጁ የለመደው ዩሪያና ኤንፒኤስ ነውና ያንኑ በውሃ በጥብጦ ይሞክራል። አይሠራም። ዩሪያን ተክሉ በደንብ ሊወስደው ወደሚችለው አሞኒየምና ናይትሬት የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እነርሱ በበቂ የሉም። የኤንፒኤስ ፍሬም ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ዝቃጩ ቀጭን ቱቦ ይደፍናል። የሚያስፈልጉት በውሃ ፈጽመው የሚሟሙት እንደ ካልሲየም ናይትሬት፣ ፖታሲየም ናይትሬትና ማግኒዚየም ሰልፌት ያሉት፣ ከእነርሱም ጋር በጥቂቱ ብረት፣ ቦሮን፣ ዚንክና መሰሎቻቸው ናቸው።

እነርሱም ቢሆኑ እንደተገኘ አይደባለቁም። አምራቾች ወፍራሙን ብጥብጥ በሁለት በርሜል ለይተው ያስቀምጣሉ፤ በአንዱ ካልሲየሙ፣ በሌላው ሰልፌቱና ፎስፌቱ። ሁለቱ ሳይቀጥኑ ከተገናኙ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ከታች ጠመኔ የሚመስል ነገር ይዘቅጣል። ያ ዝቃጭ ገንዘብ ወጥቶበት ለተክሉ ያልደረሰ ምግብ ነው። ሁለቱ ብጥብጦች መገናኘት ያለባቸው በብዙ ውሃ ከቀጠኑ በኋላ፣ በዋናው ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ግን ከማዳበሪያውም የሚቀድመው ጥያቄ የውሃው ነገር ነው።

በወንጂ፣ በአዳማና በባቱ (ዝዋይ) ዙሪያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የነዋሪው ቡናማ ጥርስ ከጥናት አስቀድሞ ነግሮናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በአካባቢው ከዚያ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ በሚበዛበት ውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔትም አብረው ይበዛሉ። ተክሉ ውሃውን ሲጠጣ አብዛኛውን ሶዲየም ይተወዋል፤ ያው ውሃ እየተሽከረከረ ስለሚያገለግል በየሳምንቱ ጨዉ ይጠነክራል። በአፈር ላይ ቢሆን ዝናብ ያጥበው ነበር። ከመተሐራ አጠገብ ያለው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከነበረው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሲደርስ፣ ጨዋማ ውሃ ለእርሻ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ ሸለቆው በዓይኑ አይቷል።

ባይካርቦኔቱ ደግሞ የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤችን፣ ከፍ ያደርገዋል። ሰላጣ የሚወደው ከ5.5 እስከ 6.5 ያለውን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ብረት በውሃው ውስጥ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው ስለማይችል አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል። መድኃኒቱ አሲድ በጥንቃቄ መጨመር ነው። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ፣ በአዋሽ መልካሳ፣ የሰልፈሪክ አሲድና የአሉሚኒየም ሰልፌት ፋብሪካ አለ፤ ምርቱ በአብዛኛው ለኢንዱስትሪና ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ይውላል። አሲድ ግን ያለ ጓንትና ያለ መነጽር የሚነካ ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

አካባቢው ያደለው ነገርም አለ። የአዳማ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስና መንገድ ሠሪዎች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አየርም ውሃም የሚይዝ ቀዳዳ የሞላበት ነው። ለቲማቲምና ለኪያር ሥር ጥሩ ማረፊያ ይሆናል። በአገራችን ከአበባ እርሻዎች አንዳንዶቹ ጽጌረዳን የሚያሳድጉት በአፈር ሳይሆን በእንዲህ ያለ ጠጠር ወይም ከውጭ በሚገባ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ላይ፣ በጠብታ መስኖ እየመገቡ ነው። ስለዚህ አፈር አልባ እርሻ ወደ ኢትዮጵያ ገና ሊመጣ ያለ ነገር አይደለም፤ በአበባው በኩል ገብቷል። በሆለታ ምርምር ማዕከልም የድንች ዘር ለማባዛት የቅርብ ዘመዱ ኤሮፖኒክስ ተሞክሯል፤ በእርሱ ሥሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የንጥረ ምግብ ጉም ይረጭበታል።

ታዲያ አፈር አልባ እርሻ እንደ መልካሳ ባለ አካባቢ ምን ቦታ አለው? የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ አቅራቢያ የሚገኝ ሲሆን የተቋቋመው በ1961 ዓ.ም ነው። የስሙ መነሻ የሚመስለው «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ሽንኩርት፣ መልካሾላና መልካሳልሳ ቲማቲም ለገበሬው የደረሱት በዚህ ማዕከል በኩል ነው። ይህ ሁሉ ለአፈር የተደከመ ድካም ነው፤ መቀጠልም አለበት። ሽንኩርት በኩንታል የሚሸጥ፣ መጓጓዣ የሚችል፣ በቦይ መስኖ የሚመረት ሰብል ነው፤ እርሱን ፎም ላይ መትከል ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ሰላጣ ግን ሌላ ነው። ቀላል፣ ፈጥኖ የሚደርስ፣ ፈጥኖም የሚጠወልግ ነው። በጥሬው ስለሚበላ የበቀለበት ውሃ ንጽሕና በቀጥታ ከበላተኛው ጤና ጋር ይያያዛል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚለማ ሰላጣ ላይ ጥናቶች ጥገኛ ተሕዋስያንና ከባድ ብረታ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል፤ ያ ውሃ በአባ ሳሙኤል በኩል ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል። የአዳማ፣ የቢሾፍቱና የሶደሬ ሆቴሎች በየዕለቱ ሰላጣ ያቀርባሉ። ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በንጹሕ ውሃ ያደገ ሰላጣ፣ ናናና በሶብላ በቅርብ ርቀት ቢያገኙ ለአምራቹም ለበላተኛውም ይበጃል።

ስለ ምርታማነቱ ብዙ ይወራል። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በስሌት እንዳነጻጸረው፣ አፈር አልባው ሰላጣ በካሬ ሜትር በዓመት 41 ኪሎ ሲሰጥ በማሳ ያለው 3.9 ኪሎ ሰጥቷል፤ ለአንድ ኪሎ የሚፈጀው ውሃም 250 ሊትር የነበረው ወደ 20 ወርዷል። ይህን የሚጠቅሱ ብዙዎች ሦስተኛውን ቁጥር ይዘሉታል፦ የኃይል ፍጆታው ከ80 እጥፍ በላይ ጨምሯል። ያንን ኃይል በአብዛኛው የበላው ቤቱን ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነበር። መልካሳ 1,550 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ማሞቂያ አያሻውም፤ ፀሐይም ሞልቷል። የሚያስጨንቀው የቀኑ ሙቀት ነው። ውሃው ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ሥር የሚያበሰብሰው ፒቲየም ይራባል፤ አየሩ ሲግል ደግሞ ሰላጣው ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ግንድ ይሰድና ይመራል። የጥላ መረብ፣ በአፈር የተቀበረ ገንዳና በሌሊት የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከውድ ማቀዝቀዣ ይልቅ ይረዳሉ።

«አፈር አልባ» ማለት «በሽታ አልባ» ማለትም አይደለም። አፈር ወለድ የሆኑት ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አንድ የታመመ ሥር የገባበት ውሃ ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው የቲማቲም ተባይ ቱታ አብሶሉታም በአየር የሚበር ስለሆነ፣ የሚከለክለው የመረብ ቤት እንጂ የአፈር አለመኖር አይደለም።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በባቱ ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ቧንቧና ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ከሚጠቀምበት ጉድጓድ ወይም ወንዝ በንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ላቦራቶሪ ይውሰድ። ፒኤቹን፣ የጨዉን መጠን፣ ሶዲየሙን፣ ባይካርቦኔቱንና ቦሮኑን ያስለካ። ጨዉ የበዛ ከሆነ የጣሪያ ዝናብ ውሃ አጠራቅሞ መቀላቀል ይቻል እንደሆነ ያስላ። ከዚያም በአንድ ገንዳና በአንድ ሰሌዳ ይጀምርና አንድ ዙር ሰላጣ አውጥቶ፣ ሸጦ፣ ወጪና ገቢውን በደብተር ይመዝግብ።