ኮሌስትሮል በየት በኩል ይወጣል?

ኮሌስትሮል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የልብ ደም ሥርን ነው። ስሙ ግን የመጣው ከሐሞት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከሐሞት ጠጠር ያወጣውን ቅባት መሰል ነገር «ኮሌስትሪን» አለው፤ «ኮሌ» በግሪክ ሐሞት፣ «ስቴሬኦስ» ደግሞ ጠጣር ማለት ነው።

እስቲ ነገሩን እንደ ውሃ ታንከር አስቡት። ሰውነታችን ኮሌስትሮልን ከምግብ ያገኛል፣ ራሱም ይሠራል። አራቱን ቀለበቶቹን ሰባብሮ ማቃጠል ግን አይችልም። ታዲያ መውጫው የት ነው?

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ጀርመን ነው። አዶልፍ ዊንዳውስ እ.ኤ.አ. በ1919 የኮሌስትሮልና የሐሞት አሲዶች አጽም አንድ ዓይነት መሆኑን በኬሚካዊ መንገድ አሳየ። እሱ የ1928ን፣ የሐሞት አሲድ ተመራማሪው ሃይንሪሽ ቪላንድ ደግሞ የ1927ን የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የሚገርመው፣ ያኔ የሳሉት ቅርጽ ስህተት ነበር! በ1932 እንግሊዝ ውስጥ ጆን በርናል በኤክስሬይ ሲለካው ሞለኪዩሉ ከሥዕሉ ጋር አልገጠመም፤ በዚያው ዓመት ታረመ።

ደግሞም በብልቃጥ ውስጥ የሆነ ሁሉ በጉበት ውስጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ይህን የፈቱት ኮንራድ ብሎክና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1943 በከባድ ሃይድሮጂን ምልክት የተደረገበት ኮሌስትሮል ለውሻ ሰጡ፤ ምልክቱን ከሐሞቱ በወጣው ኮሊክ አሲድ ላይ አገኙት። መውጫው ተገኘ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም በ7ኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ይጨምራል። ከዚያ የሞለኪዩሉ ጭራ ያጥርና 27ቱ ካርቦኖች 24 ይሆናሉ። ውጤቱ እንደ ሳሙና ነው፤ አንዱ ጎኑ ውሃ፣ ሌላው ቅባት ይወዳል። ወደ አንጀት ወርዶ ቅባት እንዲፈጭ ይረዳል። ከዚያ ግን 95 በመቶ ያህሉ ወደ ጉበት ይመለሳል። የሚመለሰው ሲበዛ ያ የመጀመሪያው ኢንዛይም ይቀንሳል፤ ልክ ታንከሩ ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ቧንቧውን እንደሚዘጋው።

ሐኪሞች የተጠቀሙት ይህንኑ ዙር ነው። ኮሌስቲራሚን የተባለው መድኃኒት የሐሞት አሲዱን አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። በ1984 በታተመ፣ 3,806 ወንዶች በተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ጥቃትና በልብ ሕመም መሞት በ19 በመቶ ቀነሰ። ኮሌስትሮልን መቀነስ ልብን ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን የረዥም ዘመን ክርክር በእጅጉ ያጋደለው ይህ ውጤት ነበር።